ሦስተኛው ቁጥር

ጨዋታው የተበላሸው ሦስተኛው ቁጥር ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ብቻ መኖር ነበረባቸው፤ አንዱ ኬክሮስ፣ ሌላው ኬንትሮስ። ሦስተኛው ከፍታ ነበር። ከፍታው ደግሞ የቀያሿ መኝታ ቤት መስኮት ሆኖ ተገኘ።

ጨዋታው ራሱ ቀላል ነው። አንዱ ትንሽ ሳጥን ይደብቅና ቦታውን በቁጥር አድርጎ በጨዋታው የስልክ መተግበሪያ ላይ ይለጥፋል። ሌላው በቁጥሩ ተመርቶ ይሄዳል፣ ያገኛል፣ ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ ይፈርማል፣ ሳጥኑን መንገደኛ ሳያየው እንደነበረ መልሶ ይደብቃል። ሽልማት የሚባል ነገር የለም። የቀያሿ ታናሽ እህት "ለአዋቂ የተፈቀደ ድብብቆሽ" ትለዋለች። ቀያሿ ቀኑን ሙሉ በመሣሪያ መሬት መለካቷ ሳያንስ የምሳ ሰዓቷንም ለዚሁ ትሰጠው ነበር፤ በአንድ እጇ ሳንድዊች፣ በሌላው ስልክ ይዛ ከፎቅ ፎቅ ትዞራለች።

ችግር የሚያመጡት ፎቆቹ ናቸው። እዚያ ሰፈር ሕንፃው ሁሉ መስታወት ለብሶ ተፋጦ ስለቆመ የሳተላይቱ ምልክት ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየነጠረ ስልክን ያሳስታል። ባንኩ በር ላይ ቆማችሁ ስልካችሁ አደባባዩ መሀል ናችሁ ይላችኋል። ሠላሳ፣ አርባ ሜትር መሳት የተለመደ ነው። ስለዚህ ተጫዋች ሁሉ ከቁጥሩ ጋር ፍንጭ ይጽፋል፤ "ከሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ሥር ዳብሱ" ዓይነት። የማይጽፍ ይሰደባል።

"ጎረቤት" በሚል ስም የሚጫወት አንድ አዲስ ሰው ፍንጭ አይጽፍም ነበር። ከወር በፊት የመጀመሪያ ሳጥኑን ቁጥር ሲለጥፍ ሌሎቹ አንድ ሙሉ ቀን ተርመስምሰው፣ ሰድበውት ተዉት። ቀያሿ ግን ስልኳን ኪሷ ከተተችና ቀደም ሲል በሥራ ከለካቻቸው የሕንፃ ማዕዘኖች ተነስታ ቦታውን አሰላችው። ሳጥኑ ከመኪና ማቆሚያው የብረት አጥር ሥር በማግኔት ተለጥፎ ነበር። ልዩነቱ አራት ጣት አይሞላም። ውስጡ የሚፈረምበት ወረቀትና የሁለተኛው ሳጥን ቁጥር አለ። ደስ አላት። ደስታ ብቻም አይደለም፣ ኮራች፤ በዚህ ከተማ ቁጥር የሚያከብር አንድ ሰው ተገኘ አለች። በሁለተኛው ሳጥን ውስጥ የሦስተኛውን ቁጥር አገኘች። ሦስተኛውን ደግሞ ዛሬ፣ ዓርብ፣ በምሳ ሰዓት አገኘችው፤ ከምትኖርበት ሕንፃ ፊት ለፊት ባለው ፎቅ፣ የአደጋ ጊዜ ደረጃው ዘጠነኛ ወለል ላይ፣ ከመደገፊያው ሥር። ሳጥኖቹ ወደ ቤቷ እየተጠጉ መምጣታቸው የገባት ያኔ ነው።

ወረቀቱን ገለጠችው። ሦስት ቁጥር። የመንገዱን ከፍታ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ባለፈው ክረምት የውሃ መውረጃውን የለካችው እሷ ናት። ከሦስተኛው ቁጥር ላይ ቀነሰችው። ሃያ ስምንት ሜትር ከምናምን መጣ፤ ዘጠነኛ ፎቅ። ቀና ስትል በደረጃው መስኮት በኩል፣ ከመንገዱ ማዶ፣ እህቷ ጠዋት በቀያሿ መኝታ ቤት መስኮት ላይ ያሰጣችው ነጭ ጋውን ይወዛወዛል።

ሊፍት ሠሪውን ምድር ቤት፣ ከተከፈተ የማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን ፊት ተንበርክኮ አገኘችው። የጨዋታ ባልደረባዋ ነው፤ የዚህን ሕንፃ የደረጃ ቁልፍም ይይዛል።

"አንተ ነህ?"

"ማን?"

"ጎረቤት።"

"እኔ ጎረቤት ብሆን ስኳር አበድሩኝ ብዬ ገና ዱሮ በራችሁን አንኳኳ ነበር።"

"አልቀልድም። የደረጃው ቁልፍ ያለው አንተ ጋ ነው።"

"በሩ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው፤ አጫሾቹ ጡብ አስደግፈውታል። ምን ነካሽ ዛሬ?" እጁን ቱታው ላይ ጠረገና ወረቀቱን ተቀበላት። ፈገግታው እያነበበ ሳለ ጠፋ። "ከነጥብ በኋላ ስምንት አኃዝ! የትኛው ስልክ ነው እንዲህ የሚለካ? የኔ ስልክ ትናንት ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወንዝ ውስጥ ነህ ብሎኛል። ሰምጠሃል አለማለቱን አመሰገንኩት።"

"የመጀመሪያውን ሳጥን ፈልገኸው ነበር?"

"አንቺ ባገኘሽው ማግስት። አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ዳበስኩት፤ ባዶ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ያላገኘ ሰው ያወራል እንዴ?" ወረቀቱን መለሰላት። "ስሚ፣ ከፍታ ደግሞ ምን ያደርጋል? ተጫዋች ከፍታ አይጽፍም እኮ።"

ወረቀቱን ኪሷ ከተተችው። ሳጥኖቹ ለእሷ ብቻ ተቀምጠው፣ እሷ ካገኘቻቸው በኋላ ተነስተዋል። ከፍታ ሳይጽፍ እጁ የማያርፍ ሰው ደግሞ አንድ ታውቃለች።

የምትሠራበት የቅየሳ ቢሮ ኃላፊ ስም በመዝገብ አለ እንጂ ሰው ሁሉ "ጋሽ ሚሊ" ነው የሚላቸው፤ በሚሊሜትር ስለሚጣሉ። ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። "ከፍታ የሌለው ነጥብ ለእኔ ግማሽ ነጥብ ነው፣ ልጄ" እያሉ ወረቀቷን ስንት ጊዜ መልሰውባታል። አምስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ "ደረስሽ?" የሚል መልእክት ይልኩላታል። እሷም "ደርሻለሁ፣ ጋሼ" ብላ ትመልሳለች። እንደ አባት ቆጥራቸው ነበር።

ወደ ቢሮ እየሮጠች እህቷ ጋ ደወለች።

"ዛሬ ቤት አትግቢ።"

"ምነው? ሰኞ ፈተና አለብኝ፣ ደብተሬ እዚያ ነው።"

"አትግቢ አልኩሽ! ሊፍት ሠሪው ጋ ሂጂና ጠብቂኝ።"

"እሺ፣ እማማ" አለች እህቷ እያሾፈች። ከዚያ፣ "ይልቅ የጓዳውን በር ዘይት ስለቀባሽው ተባረኪ። ሲጢጥ ማለቱን ተወ እኮ።"

ቀያሿ የጓዳውን በር ነክታው አታውቅም።

ቢሮው አራተኛ ፎቅ ነው። ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቷል። መሣሪያው ቢጫ ሣጥኑ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ብርሃን ልኮ ያረፈበትን ቦታ እስከ ሚሊሜትር የሚያነብ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚታሰር ከባድ ዕቃ ነው። ዓርብ ዓርብ ከመውጫ ሰዓት በፊት ጋሽ ሚሊ የሳምንቱን ሥራ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጡና ሚሞሪውን ያጸዳሉ። ይህን ለማንም ሰጥተው አያውቁም። መሣሪያውን አውጥታ ባትሪውን ሰካች። የሥራዎቹ ዝርዝር መጣ፤ የመንገድ ማስፋፊያ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የፍሳሽ መስመር። መጨረሻ ላይ፣ ጎረቤት።

ስድሳ አንድ ነጥብ። በሙያው ደንብ እያንዳንዱ ነጥብ አጠር ያለ መጠሪያና ሰዓት አለው። መስኮት፣ ፍሬም ግራ። መስኮት፣ ፍሬም ቀኝ። በረንዳ። ዋና በር። ታናሽ፣ ፌርማታ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ። ታናሽ፣ ፌርማታ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት። እስከ አርባዎቹ ድረስ ሁሉም ከመንገድ ማዶ የተለካ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት የትናንት ረፋድ ናቸው። ጓዳ፣ በር። አልጋ፣ ራስጌ። አልጋ፣ ግርጌ። ብርሃኑ ግድግዳ አያልፍም።

"ምሳ አልበላሽም፣ ልጄ?"

ጋሽ ሚሊ የሻይ ብርጭቆ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ስክሪኑን አዩት፣ እሷን አዩ። የቤት ሥራ እንደሚያርም መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሦስተኛውን አገኘሽው ማለት ነው። በስንት ሳተ?"

"ቤቴ ገብተዋል።"

"በሩ ሲጮህ እንዴት ትተኛላችሁ? ሁለት ሴት ልጆች ብቻችሁን። ዘይት ቀባሁት።"

"ቁልፍ ከየት አመጡ?"

በአገጫቸው ጠረጴዛዋን አሳዩዋት። "መሳቢያሽን አትቆልፊም። ስንቴ ነገርኩሽ?"

"ምን ፈልገው ነው፣ ጋሼ?" መሣሪያውን ወደ ራሷ ሳበችው። "ምን ያደርግልዎታል?"

"ምን እፈልጋለሁ፤ ማወቅ ነው።" ሻያቸውን ፉት አሉ። "ደረስሽ ስልሽ ደርሻለሁ ትያለሽ። የት ነው የደረስሽው? ያልለካሁት ቦታ አያስተኛኝም። አሁን ግን የቀረኝ አንድ ክፍል ብቻ ነው። የታናሽሽ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ገብቼ ለክቼ ሥራውን ልዘጋው ነበር።" እጃቸውን ዘረጉ። "በይ አምጪው። ዓርብ ነው፣ ይጸዳ።"

በእሷና በበሩ መካከል ቆመዋል። ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ብትጮህ የሚሰማት ከታች የሚጮኸው መኪና ብቻ ነው። መሣሪያው ከተሰጣቸው በአንድ ደቂቃ ስድሳ አንዱም ነጥብ ይጠፋል፤ ከዚያ እሷ ደግ አለቃዋን የምትወነጅል እብድ ናት፣ እሳቸው ጋሽ ሚሊ ናቸው።

መሣሪያውን ሳትዘጋ በመያዣው አነሳችውና ክንዷን ዘርግታ ከሴራሚክ ወለሉ በላይ አንጠለጠለችው።

"ዞር በል" አለች።

በአምስት ዓመት ውስጥ አንተ ብላቸው አታውቅም። የሰሙት ግን አይመስልም፤ ዓይናቸው መሣሪያው ላይ ተተክሏል። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ቀስ፣ ልጄ... ቀስ። በሁለት እጅ ያዢው።"

"ከእጄ ይወድቃል።" እውነቷን ነው፤ መሣሪያው ከብዷታል። ከወደቀ የያዘው ሁሉ አብሮ ይሰበራል። ይህ ለእሳቸው ገና አልታያቸውም፤ እስኪታያቸው መጠበቅ አልፈለገችም። "ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና ዞር በል።"

እጃቸውን ኪሳቸው ሰደዱና ቁልፍ አውጥተው አስቀመጡ። አየችው። የእሷ ቁልፍ ያረጀ፣ ጥርሱ የጠቆረ ነው፤ ይሄኛው አዲስ የተቀረጸ ነው፣ ያብለጨልጫል። ስንት እንዳስቀረጹ አልጠየቀችም። ቁልፉንም አላነሳችውም።

እሳቸው ከግድግዳው ተለጠፉ፤ ሻዩ እጃቸው ላይ ፈሶ እንኳ አልነቁም። መሣሪያውን ደረቷ ላይ አቅፋ አለፈቻቸው። ስክሪኑ አሁንም በርቶ ነበር፤ ስድሳ አንደኛው ነጥብ ላይ ቆሟል።

"ሣጥኑ ውስጥ ክተቺው እንጂ!" አሉ ከኋላዋ። "እንዲህ ተሸክመሽው ልኩ ይዛባል! ልጄ፣ ደረጃው ላይ እንዳትሮጪ!"

ስድሳ አንዱን ነጥብ ይዛ ወጣችና በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችው።