ያበርታችሁ ያልተባለለት አጨዳ

ጉልበተኛ የሚባለውን ሰው ቀርባችሁ ብታዩት ጉንፋንም ይይዘዋል፣ ሚስቱንም ይፈራል። ይህን የማውቀው ግራዝማች ተገኘን ከነጠላዬ ጋር ቋጥሬ ዳኛ ፊት ስለወሰድኩት ነው። አዎ፣ እኔ ጌታነሽ! ቁመቴን እያያችሁ አትሳቁ፤ ያኔም ከዚህ አልረዝምም ነበር። ፊት ለፊት እርስዎ ብዬዋለሁ፤ ዞር ሲል ግን አንቱ አልለውም።

ዘመኑ ሃምሳ አንድ ነው። የጋራ የሣር መሬታችን ጓሳ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ሣሩ እስኪደርስ ማንም ማጭድ አያሳርፍበትም። የሁላችንም ጣሪያ ያንን ሣር ይጠብቃል፤ የኔማ ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ከደጅ ይልቅ ውስጡ ይዘንብ ነበር። ከጓሳ የደብራችንን ወሰን እንዲጠብቅ የተመረጠው ባሌ ወዳጆ ነው፤ ታቦት ፊት ምሎ ነው የተቀበለው። በጠባቂው ወሰን ሣር ከታጨደ ጠባቂው ይሻራል፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ መሀል ሊቀመጥ አይችልም። ወዳጆ ደግሞ ያን ሰሞን ውጋት ጥሎት ከመደብ አይነሳም።

አንድ ጠዋት ጎረቤቴ አየለች እያለከለከች መጣች።

"ኧረ ጉድ ነው! ግራዝማች ሰው ይዘው ጓሳ ገብተዋል፤ ሣር እያሳጨዱ ነው!"

ወዳጆ ሰምቶ ሊነሳ ሞከረ፤ አቅም አጣ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። እኔ ደግሞ ባሌ ሲያለቅስ ማየት አልችልም። "ተኛ! እኔ አለሁልህ" ብዬው ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ዳገቱን ያስወጣኝ ንዴቴ ነው።

ስደርስ ሦስት ጭሰኞቹ ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ፤ እሱ በቅሎ ላይ ተቀምጧል፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። በእኛ አገር ሥራ ላይ ያለ ሰው ታይቶ "እግዜር ያበርታችሁ" ሳይባል አይታለፍም። ለተጣላ ሰው እንኳ ይባላል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። አጫጆቹ አንድ ባንድ ቀና አሉ። መርስዔ ኃዘን የሚባለው ጭሰኛ ሲያየኝ አፍሮ አቀረቀረ።

"ምነው ሴትዮ፣ ያበርታችሁ አይባልም እንዴ?" አለኝ ግራዝማች።

"በተዘጋ ሣር ላይ ብርታት አልለምንልዎም።"

"እንዴት ያለች ደፋር ናት እናንተ! ባልሽ የት ሄዶ ነው? ወይስ ቀሚሱን እሱ ለብሶ አንቺን ላከሽ?"

ይኼኔ ደሜ ፈላ። "በሕግ አምላክ! በጃንሆይ አምላክ! አንድ ሰበዝ እንዳይታጨድ! እርስዎም ከበቅሎዎ ይውረዱና ዳኛ ፊት እንሂድ!" ብዬ ጮህኩ።

ይህ ቃል ከተጠራ ንጉሡ ራሳቸው የቆሙ ያህል ነው። ረግጦት የሄደ ሰው እንዳመፀ ይቆጠራል።

ሳቀ። "ሹመቱ የኔ፣ ጠመንጃው የኔ! አንቺ ምን ኃይል ኖሮሽ ነው የምታቆሚኝ?"

"ምንም የለኝም። በሕግ አምላክ ብያለሁ።"

"እጨዱ!" አላቸው ሰዎቹን።

ማንም አልጎነበሰም። መርስዔ ኃዘን ማጭዱን መሬት አስቀመጠና "ጌታዬ፣ ሕግ ተጠርቷል እኮ" አለው። ግራዝማች ሦስቱንም እየዞረ አያቸው። ፊቱ ሲለዋወጥ ይታየኛል። ከዚያ ከበቅሎው ወረደ።

የነጠላዬን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። በእኛ ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲያ ተቆራኝተው ነው ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። የሚዳኙን ሽማግሌዎች ቀየት በሚባለው መንደር ስለነበሩ ገበያውን መሀል ለመሀል አቋርጠን ሄድን። አንዴ ቢስበው ነጠላዬ ይተረተር ነበር፤ አልሳበውም። ሻጩም ገዢውም ሥራውን ትቶ ያየናል። ወይ ኩራት! ያን ቀን የኮራሁትን በልጄ ሠርግ እንኳ አልኮራሁም።

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። የታጨደው ሣር ለቤተ ክርስቲያን ክዳን ሆነ፤ እሱም ድንጋይ ተሸክሞ ወዳጆን ይቅርታ እንዲጠይቅ ተወሰነበት። መጥቶ ደጃችን ላይ አጎነበሰ። ወዳጆም በእኔ ተደግፎ ወጣና ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት። ከጠባቂነቱ የሻረው ሰው የለም።

በዓመቱ ጓሳ ሲከፈት አገር ሁሉ ማጭዱን ይዞ ወጣ። ግራዝማችም መጣ። በቅሎ የለ፣ ጠመንጃ የለ፤ እንደ ሰዉ ማጭድ ይዟል። ድርሻው ከእኛ ድርሻ አጠገብ ሆነ። ሌላው ሰው ማጨድ ሲጀምር እሱና ጭሰኞቹ ግን ቆመው ወደ እኔ ያያሉ። ምን እንደሚጠብቁ መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ እንባዬ መጣ።

"እግዜር ያበርታዎ፣ ግራዝማች!" አልኩ።

"አሜን!" አለ፤ አገር እስኪሰማው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ማጨድ ጀመረ።