ኢሕራሙን የዋጠው ማሽን

ማሽኑ አሁንም ይዞራል። ሩዳይና ከፊቱ ተነስታ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፣ ዝናቡን ታያለች፣ ተመልሳ ትመጣለች፣ ጎንበስ ብላ በክቡ መስታወት ውስጡን ትሰልላለች። ውስጡ ጭጋግ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ነጭ ነገር ብቅ ይልና መስታወቱ ላይ ተለጥፎ "አውጪኝ" የሚላት ይመስላታል፤ ወዲያው መልሶ በጥቁር ሹራብና በፎጣ ይዋጣል። ያ ነጭ ነገር የአማቷ የአቡ ነውፈል ኢሕራም ነው። ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ለዑምራ ወደ ካዕባ በሚነሳው አውቶቡስ ይዘውት መሄድ አለባቸው።

"ታዲያ ሌላ አይገዙም?" የሚል ካለ አቡ ነውፈልን አያውቃቸውም። ኢሕራም ለዑምራ የሚሄድ ወንድ የሚለብሰው ሁለት ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ ነው፤ እውነት ነው፣ በአማን ከተማ ገበያ በየሱቁ ደጃፍ ተከምሮ ይሸጣል። ይኸኛው ግን የሟች ወንድማቸው የሺሓዳ ነው። ሺሓዳ ለጉዞው ገዛ፣ አጣጥፎ አስቀመጠ፣ ታመመ። ሊሞት ሲል የወንድሙን እጅ ይዞ፣ "እኔ ባልሄድ እንኳ እሱ ይሂድ። አንተ ልበሰውና ካዕባን ዙርበት" አለ። አቡ ነውፈልም እሺ አሉ። ከዚያ ጉልበታቸው ታመመ፣ ከዚያ የልጆች ሰርግ መጣ፣ ከዚያ ኑሮ ራሱ። ቃሉ ከጨርቁ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ በብል መድኃኒት ታጥኖ ዓመታት ተኛ።

ይህን ጨርቅ ማሽን ውስጥ የከተተችው ሩዳይና ናት። ማንም አላስገደዳትም። እንዲያውም አማቷ ኡሙ ነውፈል በገንዳ በእጄ ላጥበው ብለው ነበር።

"በእጅ?" አለቻቸው ሩዳይና፣ ቅንድቧን ሰቅላ። "ማሽኑ ቁጭ ብሎ? ቆሻሻውን ጎርሶ ደረቁን የሚተፋ ማሽን እያለ?"

እውነት ለመናገር ማሽኑን የምትወደው እንደ ልጅ ነው። የሰርጓን አምባር ሸጣ ያመጣችው ነው። ጀበል አል-ጆፋ በተባለው ኮረብታማ ሰፈራቸው፣ ከሚወጣበት ደረጃ ላይና ታች ካሉት ቤቶች ሁሉ፣ አጥቦ የሚያደርቅ ማሽን ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ይህንንም የማያውቅ ጎረቤት እንዳይኖር አድርጋለች። ኡሙ ነውፈል ግን ማሽኑ ደረጃውን በሁለት ተሸካሚ ወጥቶ ቤት የገባ ዕለት ዞር ዞር ብለው አይተውት ሲያበቁ፣ "የሚያጥብ ያጥባል፣ የሚያደርቅ ያደርቃል። ሁለቱንም እኔ እችላለሁ ያለሽ ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ሊሸጥልሽ ነው" አሉ። ያቺ ንግግር እስከ ዛሬ ሩዳይና ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክታለች።

ትናንት የውሃ ቀን ነበር። ለሰፈሩ በሳምንት አንዴ ውሃ ሲለቀቅ ጣሪያ ላይ ያሉት ታንከሮች ይሞላሉ፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያን ቀን ያጥባል። ሩዳይናም ኢሕራሙን አጠበች። አጠበችና እጇ ልማዱን ሠራ፤ የልብስ ማለስለሻውን ጨመረችበት። ማታ ላይ ለብ ያለውን ጨርቅ አጣጥፋ በሁለት እጇ ለአማቷ ስታቀርብ አቡ ነውፈል ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ አሸተቱት፣ እንደገና አሸተቱት።

"ልጄ፣ ይሄ... ጽጌረዳ ነው?"

"የያስሚን አበባ ነው፣ አጎቴ" አለች፣ ገና ደስ እያላት፤ አማቶቿን የምትጠራው አጎቴ፣ አክስቴ እያለች ነው። ወዲያው ስህተቷ ገባት።

ኢሕራም ያሰረ ሰው ሽቶ አይነካም፤ ሽቶ የነካውን ጨርቅም አይለብስም። ይህን በዚያ ሰፈር ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። እሷም ታውቃለች። እጇ ነው ያላወቀው።

"ነገ ጧት በንጹሕ ውሃ ብቻ አጥበዋለሁ። ከጉዞው በፊት ይደርቃል" አለች። አቡ ነውፈል፣ "አላህ ይስጥሽ" ብለው ተኙ። ኡሙ ነውፈል ማሽኑን በዓይናቸው ገረፍ አድርገው ተከተሏቸው።

ጧት ተነስታ ሁለቱን ጨርቅ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ወረወረችና ቆም አለች። ለሁለት ጨርቅ ይህን ሁሉ ውሃ? የሳምንት ውሃ በታንከር ቆጥቦ የሚኖር ቤት ውስጥ ያደገች ሴት ማሽን ሳትሞላ አታስነሳም፤ እንዲህ ያደረገች ሴት በየደረጃው ስሟ በሐሜት ይነሳል። ስለዚህ ፎጣዎቹን ጨመረች። የልጆቹን ሹራቦች ጨመረች። የባሏን የነውፈልን ጥቁር የሥራ ሹራብ ጠቅጥቃ በሩን በጉልበቷ ዘጋችው።

መመሪያው ላይ፣ ሙሉ ሆድ ያጥባል፣ የሚያደርቀው ግን ግማሹን ነው፣ ከታጠበ በኋላ ግማሹን አውጡ ይላል። አንብባዋለች። "ይሄ ለሰነፍ የተጻፈ ነው" ብላ ነው ያለፈችው።

በዙሑር፣ በቀትሩ ሶላት ገደማ፣ ማጠቡ አለቀ። ማሽኑ ተንፍሶ ዝም አለ፤ ሊሞቅ ሲዘጋጅ እንዲያ ነው። ኡሙ ነውፈል መቁጠሪያቸውን ይዘው ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

"በይ አሁን አውጪው። የጋዝ ሶባው እየነደደ ነው፤ መስቀያውን ጠጋ አድርጌ እዘረጋዋለሁ። ለዐስር ይደርሳል።"

"እርጥብ ልብስ ጋዝ ምድጃ ላይ? አክስቴ፣ እንደ ድሮ?"

"ድሮ የለበስነው ልብስ እርጥብ ነበር እንዴ?"

"ማሽኑ ያደርቀዋል አልኩዎት። ካሁን ካሁን ደርቆ፣ ሞቆ፣ ተጣጥፎ ነው እጃቸው የሚገባው።"

"ተይ ሩዳይና። ሁለት ያባረረ አንዱንም አይዝም።"

ይቺን ተረት ባይተርቱ ኖሮ ምናልባት ታወጣው ነበር። ተረቱ ግን እልኋን ጫረው። ጣቷን ዘርግታ ማድረቂያውን ተጫነች። በሩ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ የምትመላለሰው። ከማሽኑ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ማሽን። ማሽኑ ላይ የምትበራው ሰዓት ትቀንስና ደስ ታሰኛታለች፤ ሄዳ ስትመለስ ጨምራ ትጠብቃታለች። ሆዱ የተጠቀጠቀ ልብስ አየር አጥቶ እንደ ሊጥ በአንድ ላይ ይገላበጣል እንጂ አይደርቅም፤ ማሽኑም ገና እርጥብ መሆኑን አውቆ ለራሱ ጊዜ ይጨምራል። ሩዳይና አንድ ሳህን ታጥባለች፣ ሳትጨርስ ትተዋለች። መጥረጊያ ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። ስልኩ ጮኸ። ነውፈል ነው፣ ከደረጃው ግርጌ ካለው አደባባይ።

"ሻንጣቸውን ጭኛለሁ። አባቴ መስጊድ ገብተዋል። ጨርቁስ?"

"እየመጣ ነው።"

"በእግሩ?"

"ነውፈል፣ አሁን አትቀልድብኝ።"

"ሹፌሩ ከሶላት በኋላ ለማንም አልቆምም እያለ ነው። ቁጡ ሰው ነው።"

ስልኩን ዘጋችው። በዚያው ቅጽበት ኡሙ ነውፈል ለሶላት ታጥበው ውዱእ ሊያደርጉ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፈቱ። ቧንቧው ሳል ሳለ፤ አንድ ሁለት ጠብታ ተፋና አፉን ዘጋ።

"ሩዳይና! ውሃው የት ሄደ? ትናንት አይደል እንዴ የሞላው?"

"እኔ ምን አውቄ? ሲፈስ ያደረ ነገር ይኖራል።"

ግን ጆሮዋ ቆመ። ከማሽኑ ጀርባ ሽር የሚል ድምፅ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስትሰማው ውላ ዝናብ መስሏት የተወችው። እጇን ሰዳ ቱቦውን ነካችው። ቀዝቅዟል፣ ይንቀጠቀጣል። ማሽኑ ሲያደርቅ የዋለው ውሃ እየጠጣ ነው። ያንን ሁሉ እንፋሎት የሚያበርደው ቀዝቃዛ ውሃ በማፍሰስ ነበር፤ የሳምንቱን ውሃ በአንድ በኩል እየማገ በሌላ በኩል ወደ ፍሳሹ ሲደፋው ውሏል።

"ማድረቂያ ውሃ ይጠጣል?" አሉ ኡሙ ነውፈል፣ እውነትም ገርሟቸው። "እሳት እንዴት ውሃ ይጠጣል?"

ውሃ እንዲቆጥብ ብላ ጠቅጥቃ የሞላችው ሆድ ውሃውን ጨርሶ ጠጣው። ሽርታው ቆመ። ማሽኑ ሦስቴ ጮኸና ፀጥ አለ፤ ፊቱ ላይ ትንሽ ቀይ የቧንቧ ሥዕል ትበራለች። እጀታውን ሳበችው። አይከፈትም። አጥፍታ አበራችው። አይከፈትም። በእግሯ ነረተችው፤ እግሯን አመማት።

"እስኪቀዘቅዝ አይከፍትም" አለች ለራሷ። "ሲግል ይቆለፋል።"

"መቼ ይቀዘቅዛል?"

"እኔን ይጠይቁኛል እንዴ!"

ዐስር አዛን ከታች ካለው መስጊድ ተነሳ። ሩዳይና ግራ ቀኟን አየችና ወጥ ቤቱ ጥግ ክዳን ያለው ባልዲ ላይ ዓይኗ አረፈ። ማሽኑ ውሃ ነው የጠማው፤ ውሃ ካገኘ ይጨርሳል፣ ከጨረሰ ይከፍታል። ባልዲውን አንስታ በሳሙና መጨመሪያዋ መሳቢያ ትገለብጠው ጀመር።

"ያ ለውዱእ ያስቀመጥኩት ነው!"

"እተካዋለሁ!"

ውሃው እየተንዶቀዶቀ ወረደ። ወረደና... ቿ። ሁለቱም ወደ መስታወቱ ጎነበሱ። ውሃው በቱቦው በኩል ወደሚጠጣበት ቦታ አልሄደም። ቀጥ ብሎ ልብሱ ላይ ነው የፈሰሰው። ያ ነጭ ጨርቅ በምን መከራ ለብ ማለት ጀምሮ ነበር፤ አሁን ከታች ኩሬ ውስጥ ተኝቶ ይታያል።

ኡሙ ነውፈል ነጠላ ጫማቸውን ጥለው ወንበር ላይ ተቀመጡና ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው፣ ዕንባቸው እስኪመጣ። "ያ ረቢ! የሚያደርቅ ማሽን ያመጣሽልኝ ልጅ!"

ሩዳይና ግን አልሳቀችም። ስልኩ እንደገና እየጮኸ ነው፤ አላነሳችውም፤ አውቶቡሱ ሞተሩን ማስነሳቱን ሳይነገራት ታውቃለች። የወጥ ቤቱን መሳቢያ ከፍታ ጠፍጣፋውን ብሎን መፍቻ አወጣች።

የኡሙ ነውፈል ሳቅ ቆመ። "ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልከፍተው።"

"ተይ! ትሰብሪዋለሽ። አምባርሽን ሸጠሽ ያመጣሽው ዕቃ ነው። ትንሽ ጠብቂ፣ ራሱ ይከፍታል።"

"አውቶቡሱ ይጠብቃል?"

ሩዳይና ማሽኑ ፊት ተንበረከከች። የብሎን መፍቻውን ጫፍ በሩና አካሉ መካከል ሰካችና በሙሉ ክብደቷ ተጋደመችበት። ነጩ ፕላስቲክ ተንጣጣ። አንዴ ዓይኗን ጨፈነች፤ ድጋሚ ገፋች። አንድ ነገር ውስጥ ድረስ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ በሩ ተበረገደ፣ ሙቅ ውሃና እንፋሎት ጭኗ ላይ ተዘረገፈ።

"እጅሽ! እጅሽን አቃጠለሽ?"

"ይተዉት እጄን! ያዙልኝ!"

ጨርቁን ከሹራብ እጅጌ አላቃ ሳበችው። ነጩ በጥቁር ሱፍ ብናኝ ተሸፍኖ ድመት የተኛችበት መስሏል። ኡሙ ነውፈል አንዱን ጫፍ ያዙ፣ ሩዳይና ሌላውን፤ አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ ጠመዘዙት። ውሃው መሬቱ ላይ ተንጠፈጠፈ። አሮጊቷ ጉልበት ነበራቸው፤ ሩዳይና አንዴ ወደፊት ልትወድቅ ምንም አልቀራትም።

"ጠበቅ አድርጊ እንጂ። ማሽን ነበር እንዴ የሚጠመዝዝልሽ?"

"እርስዎ ጠበቅ ያድርጉ!"

አሮጊቷ የተጠመዘዘውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና፣ "ያስሚኑ ወጥቷል" አሉ። "ሂጂ። ሩጪ።"

ጨርቁን በፌስታል ይዛ ደረጃውን ወረደች። የጀበል አል-ጆፋ ደረጃ በዝናብ ጊዜ ወንዝ ነው። አንዲት ጎረቤት ከበር ላይ፣ "ሩዳይና፣ ምን ሆነሽ? ማን ሞተ?" ብላ ጮኸችባት፤ "ማሽኔ!" ብላት አለፈች።

አውቶቡሱ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ነውፈል ከፊቱ ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቷል፤ ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይሰድበዋል። አቡ ነውፈል በሩ ላይ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ሩዳይና ደርሳ ፌስታሉን ዘረጋች። ከጥጉ ውሃ ይንጠባጠባል። ቀኑን ሙሉ ለኡሙ ነውፈል መልስ ያላጣው አፏ አሁን ደረቀ።

"አልደረቀም፣ አጎቴ" አለች።

አቡ ነውፈል ፌስታሉን ከፈት አድርገው አዩ። እርጥቡን፣ ጭምድዱን፣ ብናኙን አዩ። ጺማቸው ተንቀሳቀሰ።

"ሺሓዳ በሕይወቱ አንድ ቀን በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም" አሉ። "ዛሬ ደርሷል። ምን ይለኛል ብለሽ ትሰጊያለሽ?"

"ሐጂ!" አለ ሹፌሩ። "ይሄ ምንድን ነው የሚንጠባጠበው? አውቶቡሴ ውስጥ ልብስ ልታጥቡ ነው?"

"መንዳትህን ንዳ፣ ልጄ። የሚለበሰው መዲና ካለፍን በኋላ ነው፤ እስከዚያ አንተም ትደርቃለህ።"

ገቡ። በሩ ተዘጋ። ነውፈል ወደ ሚስቱ ዞሮ ቀሚሷን፣ የቀላ እጇን፣ እስከ ጭኗ መራሷን አየና፣ "ማሽኑስ?" አለ። የእሷ ዓይን ግን የአውቶቡሱ ኋለኛ መስታወት ላይ ነበር። አቡ ነውፈል ከአንድ ሌላ ሽማግሌ ጋር ጨርቁን በወንበሮቹ ጀርባ ላይ ዘርግተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጥቁሩን ብናኝ አንድ በአንድ በጣታቸው ይለቅማሉ። ሩዳይና እጇን አነሳች። ሁለቱም ሥራ ላይ ነበሩ፤ ቀና ያለ የለም። አውቶቡሱ ዞሮ ከታክሲዎቹ ኋላ እስኪጠፋ ድረስ እጇ እንደተነሳ ቆየ።