ማንም ያልጠየቀው ዋጋ

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ «የገበያ ዋጋ መረጃ፦ ለማንኛውም ዜጋ ክፍት» ይላል። ሲጫኑት ግን ባዶ ነጭ ገጽ ነው የሚመጣው። መምህርቷ አራት ወር ሙሉ፣ ጠዋት ክፍል ከመግባቷ በፊት፣ ምናልባት ዛሬ ቢቀናኝ እያለች ተጫነችው። አልቀናትም።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢኮኖሚክስ ታስተምራለች፤ ዶክትሬቷን ለመጨረስ አንድ ምዕራፍ ነው የቀራት። ጥያቄዋም የተወሳሰበ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት አዲሱ መንገድ ሲከፈት አራት ትንንሽ ገበያዎች ከትልቁ ከተማ ጋር ተገናኝተዋል። ከዚያ ወዲህ የገበያዎቹ ዋጋ አብሮ መውጣትና አብሮ መውረድ ጀምሯል ወይስ ሁሉም እንደ ድሮው በየፊናው ነው? ይህን ለማወቅ የሚያስፈልጋት የየወሩ የዱቄት፣ የዳቦ፣ የሽንኩርት፣ የዘይትና የሳሙና ዋጋ ብቻ ነው።

በመጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ድረስ በአካል ሄደች። አንደኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ ላካት፣ ሦስተኛው ደብዳቤ አምጪ አላት። ደብዳቤ ብታመጣ ለእኛ ሳይሆን ለበላይ ነው የተጻፈው ተባለች። አስተካክላ ብትመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። መዝገብ ቤት የምትሠራውን፣ ባልደረቦቿ «ማኅተሟ» የሚሏትን ሴት ለመጠየቅ ሞከረች።

«መረጃው ለሕዝብ ክፍት ነው አይደል?»

«ክፍት ነው።»

«ታዲያ ስጡኛ።»

«ክፍት ነው ማለት እኮ ይሰጣል ማለት አይደለም። ፈቃድ ይፈልጋል።»

በዘጠነኛው ቀን ኮሪደሩ ውስጥ ካለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ አልነሣም አለች። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ገላመጣት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ማኅተሟ ቁልፏን እያንቃጨለች ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ጮኸች፤ «እባካችሁ ለዚህች ሴትዮ ስጧትና ገላግሉን።» ፋይሉን ፍላሽ ላይ ለመገልበጥ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። መምህርቷ ተናዳ ደረጃውን ወረደች። ለሁለት ደቂቃ ሥራ አራት ወር።

አባቷ ቤት ነበሩ። ለዚያው መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ዋጋ ሲሰበስቡ የኖሩ ሰው ናቸው። አራቱም ገበያዎች የእሳቸው ድርሻ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ሻጭ ይጠይቃሉ፣ ሚዛን የሚያጭበረብር ካለ በራሳቸው ሚዛን ይመዝናሉ፣ ከዚያ ፎርሙን ሞልተው ይፈርማሉ። ሳይገዙ ስለሚጠይቁ ሻጮቹ ሲሰድቧቸው ኖረዋል። የሰፈሩ ልጆች «ጋሼ ስንትነው» ነበር የሚሏቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ጡረታ ወጡ፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልጋ ላይ ከርመው አሁን በከዘራ ይሄዳሉ።

ልጃቸው ፋይሉን ስትከፍተው የሰብሳቢው መለያ የሚል ዓምድ አየች። ከላይ እስከ ታች አርባ ሰባት፣ አርባ ሰባት፣ አርባ ሰባት።

«አባዬ፣ ና እስቲ። አርባ ሰባት ያንተ አይደለም እንዴ?»

መነጽራቸውን አድርገው አጠገቧ ተቀመጡ። መጀመሪያ ፊታቸው በራ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እየጎተቱ «ይቺ ዝናቡ የጠፋ ጊዜ ናት፣ ሽንኩርት እሳት የሆነበት» ይላሉ፤ ደግሞ «ይቺን ቀን ዘይት ሻጩ ድንች ወርውሮ ግንባሬን ብሎኛል» ይላሉ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወደ ታች እየወረዱ ሄዱና ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ መቼ ነው?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት።»

«የዛሬ ሁለት ዓመት እኔ የት ነበርኩ?»

«እዚሁ ነዋ። አልጋ ላይ።»

«ታዲያ ይሄን ሽንኩርት ማን ጠየቀልኝ?»

መምህርቷ ቁጥሮቹን ደረደረችና አሰላች። አባቷ ከወደቁበት ወር ጀምሮ ሽንኩርት በየወሩ ሁለት በመቶ ይጨምራል። ዱቄትም ሁለት በመቶ። ሳሙናም ሁለት በመቶ። በአራቱም ገበያ፣ ያለ ምንም ዝንፈት፣ ሽንኩርትና ሳሙና እጅ ለእጅ ተያይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። ከአራቱ አንዱ፣ የታችኛው ገበያ፣ ባለፈው ዓመት ተቃጥሎ አምስት ወር ሙሉ አመድ ብቻ ሆኖ ነበር። በዚያ አምስት ወር ውስጥ እንኳ የአመዱ ገበያ ዱቄት ዋጋ ተመዝግቧል፣ በአርባ ሰባት ስም።

በማግስቱ ለአማካሪዋ ነገረችው። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና ትከሻውን ሰበቀ።

«ምንጩ ሕጋዊ ነው። ምንጭሽን ጠቅሰሽ እለፊ። ደግሞ ውጤትሽ እንዴት እንደሚያምር አይተሻል? መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ገበያዎቹ ልክ እንደ አንድ ገበያ ነው የሚንቀሳቀሱት።»

«የሚንቀሳቀሱት እኮ አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለጻፋቸው ነው።»

«እሱ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ መከላከያ አምስት ሳምንት ነው የቀረው።»

ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመች። እውነት ለመናገር ልቧ አመንትቷል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ በአምስት ሳምንት ውስጥ ዶክተር ትባላለች። ግን ማታ እራት ላይ አባቷን ፊት ለፊት ማየት አለባት። ይህን ስታስብ ንዴቷ በአማካሪዋም፣ በመሥሪያ ቤቱም፣ ባመነታችው በራሷም ላይ ሆነ።

አባትና ልጅ ሰኞ ጠዋት አብረው ሄዱ። የዋጋ ክፍሉ ዳይሬክተር ሲያያቸው ከመቀመጫው ተነሣ። ሥራ የጀመረ ጊዜ ገበያ ለገበያ ይዘውት እየዞሩ አጠያየቅ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ምነው ሳይደውሉልኝ? ወንበር ይያዙ።»

«ቆሜ ነው የማወራህ። አርባ ሰባትን ማን ሰጠህ?»

ዳይሬክተሩ ልጅቷን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ ሄዶ ዘጋው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሳቸው ሲወጡ በቦታቸው ሰው እንዳልተቀጠረ፣ ሪፖርቱ ደግሞ በየወሩ መውጣት ግድ እንደሆነ አስረዳ። ሲስተሙ የሰብሳቢ መለያ የሌለውን መስመር አይቀበልም።

«የእርስዎ መለያ ደግሞ ስሕተት ተገኝቶበት አያውቅም፣ ጋሼ። ማንም አይጠራጠረውም። ስለዚህ...»

«ስለዚህ በኔ ስም ዋሸህ።»

«ግምት ነው እንጂ ውሸት አይደለም።»

«ግምት ከሆነ ግምት ብለህ አትጽፍም?» አለች መምህርቷ። «በዚህ ቁጥር ስንት ነገር እንደሚወሰን ታውቃለህ። ለየትኛው ወረዳ ድጎማ እንደሚገባ የሚታየው ከዚህ ነው። የተቃጠለ ገበያ እኮ ነው ደህና ነው ያልከው።»

«እህቴ፣ አንቺ ወረቀትሽን ነው የምትጽፊው። እኔ ሰላሳ ቀን ሲሞላ ከበላይ ስልክ ነው የሚደወልልኝ።» ከዚያ ወደ አባትየው ዞሮ «ስምዎን አወጣልዎታለሁ። ዛሬውኑ» አለ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት፤ ወረቀቶቹ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ወደቁ።

«ስሜን አይደለም አውጣ ያልኩህ። ውሸቱን አውጣ። ለሃያ ስድስት ዓመት የተሰደብኩት ለዚህ ነው?»

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ለመልቀም ጎንበስ አለ፤ እነሱ ሲወጡም ቀና አላለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ። ልጅቷ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው። በቀረበው ቅሬታ መሠረት በመለያ ቁጥር አርባ ሰባት የተመዘገበ መረጃ በሙሉ ከመረጃ ቋቱ መሰረዙን ይገልጻል፤ ለተደረገው ትብብርም ያመሰግናል።

«በሙሉ ማለት?» አሉ አባቷ።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«እኔ የሰበሰብኩትንም?»

«አንተ የሰበሰብከውንም፣ አባዬ።»

ሽማግሌው ደብዳቤውን ከእጇ ወሰዱ። እሷ አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም፤ ያን ዕለትም አላለቀሱም፣ ግን ፊታቸው ደም ለብሶ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ሃያ ስድስት ዓመት የዞሩበት፣ ፀሐይና ጭቃ ያዩበት፣ እንዲህ በአንድ መስመር ደብዳቤ ተጠረገ። ውሸቱን ከእውነቱ መለየት አድካሚ ስለሆነ ሁለቱንም ጣሉት።

«ፍላሹ አለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«አለኝ።»

«ክፈችው።»

ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። አባት እያንዳንዱን መስመር አዩ፤ ልጅ የእሳቸው ያልሆነውን ቀይ ቀባችው። መከላከያዋን ለአንድ ዓመት አራዘመች። አማካሪዋ ጉዳዩን እንዳላየ ሆኖ ማራዘሚያውን ፈረመላት። ያለ ሐሰተኞቹ ቁጥሮች ስለ መንገዱ የምትለው ነገር እንደሌላት በግልጽ ጻፈች፤ ቀዩን ደግሞ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አደረገችው። ሙሉውን ፋይል ማንም ሳይጠይቅ፣ ደብዳቤ ሳያጽፍ እንዲወስደው በራሷ ገጽ ላይ አወጣችው። መሥሪያ ቤቱ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ዝም አለ። ዝም ያላሉት ከተለያየ ከተማ የመጡ ጡረተኛ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ በወሩ መጨረሻ ላይ አሥራ አንድ ሆኑ፣ ሁሉም የየራሳቸውን መለያ ቁጥር ይዘው «የኛንም እዩልን» የሚሉ።

በዚያ የሦስት ሳምንት ሥራ ከአባቷ ጋር የተጨቃጨቁት በአንድ መስመር ብቻ ነው። የወደቁበት ወር የዳቦ ዋጋ ነበር። እሷ ከአደጋው በኋላ የተጻፈ ነው ብላ ልትቀባው ስትል እጇን ያዟት።

«ይቺን እንዳትነኪያት። ይቺ የኔ ናት። ጠዋት ጠይቄ ነው ከሰዓት የወደቅኩት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዳቦ ሻጩ ያን ቀን ጥያቄዬን ሦስቴ አስደገመኝ፣ ከዚያ ሚስቱን ጠርቶ ይሄ ሰውዬ ዛሬም አይገዛም አላት» አሉ፣ ገና እንደተናደዱ።