የሐማ መኪና ሽታ

የመኪና ማቀዝቀዣ ጠጋኙ ሲያካ የመኪናዋን በር ሲከፍት ቀዝቃዛው አየር ፊቱን መታው፤ ከአየሩም ጋር የበሰበሰ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ መጣ። እጁ በሩ ላይ ቀረ።

«ከትናንት ጀምሮ ይሸታል» አለ ባለመኪናው ሐማ ከጀርባው። «ቅዝቃዜውም ደከም ብሏል። ትንሽ ጋዝ ጨምርበትና ልሂድ። እናቴ ዋጋዱጉ የሐኪም ቀጠሮ አለባት፤ ሙቀት አትችልም።»

አሮጊቷ ከኋላ ወንበር፣ መስኮቱን ዘግተው፣ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል።

ሲያካ ሽታውን ያውቀዋል። ባለፈው ወር የመኪና ማቀዝቀዣ ጋዝ ከገበያ ሲጠፋ ለዚህች መኪና የወጥ ቤት ጋዝ የሞላላት ራሱ ነው። ያቀዘቅዛል፣ ማን ያውቃል ብሎ ነበር። አሁን ጋዙ በሆነ ቀዳዳ እየሾለከ ወደ ውስጥ ይገባል። ቢናገር በቦቦ ከተማ ለጥገና መኪና የሚሰጠው አይኖርም። ዝም ቢል ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው፤ ሐማም ያጨሳል።

«ምን ያፈዝዝሃል፣ አንተ የጠላ ጋን?» አለው ሐማ።

ሲያካ አራቱንም በሮች ከፍቶ ሞተሩን አጠፋ። «እማማ፣ ይውረዱ። ጥላው ሥር ይቀመጡ።»

«ቀጠሮ አለን እኮ» አለ ሐማ።

«ባለፈው የሞላሁልህ የወጥ ቤት ጋዝ ነው። እሳት ይይዛል። እሱን አውጥቼ፣ ቀዳዳውን ደፍኜ፣ ትክክለኛውን በሚዛን ለክቼ ልሙላ። እስከ ማታ ይፈጃል።»

ሐማ ከት ብሎ ሳቀ። ሲያካ ከቦቦ ጎሳ፣ ሐማ ከላም አርቢዎቹ ፉላኒዎች ነው፤ የሁለቱ ጎሳ ሰዎች ሲገናኙ መሰዳደብና መዋሸት ከአያት የወረደ ጨዋታ ነው፤ የተቆጣ ይሸነፋል። ሁለቱም በተዋወቁበት ስድስት ዓመት ውስጥ ከዚህ ጨዋታ በቀር በሌላ ቋንቋ ተነጋግረው አያውቁም።

«እማዬ፣ ትሰሚያለሽ? ይህ ቦቦ በመኪናዬ ባቄላ ሊቀቅልባት ነው።»

አሮጊቷ እየወረዱ ፈገግ አሉ። ሐማ ሲጋራ አፉ ላይ ሰክቶ ክፍቱን በር ተደገፈ።

«እየቀለድኩ አይደለም።»

«መቼ ቀልደህ ታውቃለህ» አለና ክብሪቱን አወጣ።

ሲያካ ክብሪቱን ከእጁ ቀማው። ሐማ አሁንም ይስቃል፤ ተራውን ተጫውቶ የሲያካን ስድብ ይጠብቃል። «ላም አሳዳጅ» የሚለው ቃል እንደ ልማዱ ሲያካ ከንፈር ላይ ደረሰ። ዋጠው።

«ሐማ» አለ።

በስሙ ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር። ሳቁ ከሐማ ፊት ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ከበሩ ራቅ አለና ያልተለኮሰውን ሲጋራ ከአፉ አወጣ። እናቱን አየ፣ ከዚያም የኋላውን ወንበር።

«ትናንት ልጆቼን ጭኜባታለሁ» አለ።

ሲያካ ክብሪቱን መዳፉ ውስጥ ጨብጦ ቆመ።