ከኤቫንቲያ በኋላ የመጣችው

ኤቫንቲያ ካራሚትሩ የሰሜን ግሪኳን ከተማ ሴሬስን ወክላ ለረጅም ዘመን አቴንስ ፓርላማ ከተቀመጠች በኋላ ፓርቲዋ ወደ አውሮፓ ፓርላማ ላካት። ሰው ሁሉ እድገት ነው አላት፤ እሷም እድገት ነው ብላ ብራስልስ ገባች። የለቀቀችው ወንበር በምርጫው ከእሷ ቀጥላ ለነበረችው ለክሪሱላ ደረሰ። ክሪሱላ የከተማው ፋርማሲ ባለቤት ናት። የሴት ዕጩ ጎደለ ሲባል ለምና ፖለቲካ ውስጥ ያስገባቻት ራሷ ኤቫንቲያ ነበረች።

በፋሲካ ሰሞን የስትሪሞናስ ወንዝ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተመረቀ። ገንዘቡን ከአውሮፓ ያስገኘችው ኤቫንቲያ ናት፤ ከኮሚቴ ኮሚቴ ስትዞር ጫማዋ አልቋል። ስትደርስ ግን ቄሱ ጸበል ረጭተው፣ ክሪሱላ ሪባኑን ቆርጣ ጨርሰዋል። ገበሬው ክሪሱላን ከቧታል። አንዲት አሮጊት ጉንጯን እያገላበጡ ሳሟት።

"አንቺ ባትኖሪ ማሳችንን ዘንድሮም ውሃ ይበላው ነበር!" አሏት። ከዚያ ወደ ኤቫንቲያ ዞር ብለው፣ "አንቺስ ልጄ፣ ጡረታው እንዴት ይዞሻል?"

ኤቫንቲያ ከጥርሷ ሳቀች። መኪና ውስጥ ገብታ በሩን በኃይል ስትዘጋው ባሏ ስቴርጊዮስ ደነገጠ።

"ገንዘቡን ያመጣሁት እኔ!"

"ታዲያ አትነግሪያቸውም?"

"ማወቅ ነበረባቸው እንጂ!"

"ቀንተሻል አንቺ ሴትዮ።"

"በማን? በዚያች አስፕሪን ሻጭ?"

ብዙም ሳይቆይ የፓርቲው ሊቀመንበር ደወለ። "ክሪሱላን ምክትል ሚኒስትር ላደርጋት ነው። አንቺ ታውቂያታለሽ፤ ምን ትያለሽ?"

ታታሪ ናት ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። "ጎበዝ ናት። ግን ልጇ ገና ሕፃን ናት። ባትቸኩልባት ይሻላል።"

ሹመቱ ለአንድ የተሰሎንቄ ሰው ተሰጠ። ኤቫንቲያ ያን ዕለት ደህና ምሳ በላች።

በበጋው ለእረፍት መጥታ አደባባዩ ላይ ቡና ስትጠጣ ክሪሱላ ሳትጠየቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድሮ "እርስዎ" ነበር የምትላት።

"ሊቀመንበሩ ምን አለኝ መሰለሽ? ልጅሽ ጥርስ አበቀለች ወይ አለኝ። ልጄ እኮ ሕግ ተማሪ ናት! ክርስትና ያነሳሻትም አንቺው ነሽ!"

ኤቫንቲያ ፊቷ ቀላ። "ተሳስቼ ይሆናል..."

"አልተሳሳትሽም፣ ቀንተሽ ነው። እኔም ዕድሜ ልኬን ስቀናብሽ ኖሬያለሁ። ግን አንድ ቀን ክፉ አልተናገርኩብሽም።" ተነሳች። "ለአውሮፓው ምርጫ እወዳደራለሁ። ከሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው።"

ምርጫው ደረሰ። ከአንድ ፓርቲ ዕጩዎች ውስጥ መራጩ ምልክት የሚያደርገው የወደደው ስም ላይ ነው። ሴሬስ በሙሉ በክሪሱላ ስም ላይ ምልክት አደረገ። እሷ አለፈች፣ ኤቫንቲያ ወደቀች።

በማግስቱ ኤቫንቲያ ስልኩን ስታነሳና ስታስቀምጥ ቆይታ ደወለች። "እንኳን ደስ አለሽ" አለቻት ቸኩላ።

ክሪሱላ ቀጥታ ወደ ሥራው ገባች። "አመሰግናለሁ። ብራስልስ ካሉት ሠራተኞችሽ ማንን ላስቀር?"

የሰነፉ ሠራተኛ ስም ምላሷ ጫፍ ደረሰ። "ኢስሚኒን" አለቻት በመጨረሻ። "ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት። ሌሎቹን ተያቸው።"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

ስልኩን ስትዘጋ ስቴርጊዮስ ከሶፋው ቀና አለ። "ቀለለሽ?"

"አልቀለለኝም።" ቴሌቪዥኑ ላይ ክሪሱላ በማይክሮፎን ተከባ ቆማለች። ስቴርጊዮስ ሊያጠፋው ሲል እጁን ያዘችው። "ተወው፣ ድምፁን ጨምረው። ምን እንደምትል ልስማ።"