ወራጅ አለ

የወንድሜ ልጅ ሂላርዮ ማግሶምቦል፣ እኛ ላርዮ የምንለው፣ ታዋቂ የመኪና ተወዳዳሪ ሲሆን ራሱን ላሪ ሞንትክሌር ብሎ ሰይሟል። ሞንትክሌር ምን ማለት እንደሆነ እሱም አያውቅም። ከሻምፑ ጠርሙስ ላይ ያነበበው ይመስለኛል።

ለጋዜጠኛ ሁሉ የሚያወራው ታሪክ አንድ ነው። ጣሊያን አገር አደገ፣ ነጋዴ አባቱ ገና በልጅነቱ አሰልጣኝ ቀጠረለት፣ ምናምን። ጣሊያን! ልጁ ያደገው እዚሁ ሊፓ ከተማ፣ እኔ ሙዝ ጠብሼ ከምሸጥበት ጥግ ነው። የአባቱን የሕዝብ ጂፕ ከሊፓ ታናዋን ሲያመላልስ ስንቴ ከጀርባው ተቀምጬ ሄጃለሁ። ጎበዝ ሾፌር ነበር፣ አልክድም። ሙዚቃውን ግን ጆሮ እስኪደነቁር ይከፍተው ስለነበር ወራጅ ቢጮህም አይሰማም። መውረድ የፈለገ ሰው ሳንቲም አውጥቶ ጣሪያው ስር ያለውን ብረት ቋ ቋ ያደርጋል። ላርዮ ያን ጊዜ ቀኝ ጠርዙን ይዞ ይቆማል፤ ፊቱን ሳያዞር መዳፉን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሒሳቡን ይቀበላል። አንድ ሀብታም ዳገት ላይ አውቶቡስ ሲቀድም አይቶት ነው የውድድር መኪና ውስጥ ያስገባው። ከዚያ ወዲህ አባት የለውም።

አባቱ ፕሩደንስዮ ግን የልጁን ፎቶ ከማርያም ሥዕል ጎን፣ ጂፑ መስታወት ላይ ለጥፎ ይነዳል።

«ልጄ ነው» ይላል።

«ተው እንጂ ሰውዬ! የጣሊያን ነጋዴ ልጅ እኮ ነው፣ በቴሌቪዥን ተናግሯል» ይሉታል ተሳፋሪዎቹ፣ እየሳቁ።

ወንድሜ ሒሳቡን ተቀብሎ መንዳቱን ይቀጥላል። የእኔ ደም ነው የሚፈላው።

ለዋንጫ የሚወዳደርበት ቀን ሲደርስ ፕሩደንስዮ ስልክ ደወለለት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ መልሱን ሰምቻለሁ።

«አባዬ፣ ከመጣህም ራቅ ብለህ እይ። ስፖንሰሮቹ ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

ወንድሜ ስልኩን ዘጋና ለሠርጉ ያሰፋውን ባሮንግ የሚባል የክብር ሸሚዝ መተኮስ ጀመረ።

«ደግሞ ልትሄድ ነው? ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አልኩት።

«ናርሲሳ፣ አንዴ ብቻ ሰው ፊት ‹አባቴ› ቢለኝ ይበቃኛል።»

ሩዝና ዶሮ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ አብሬው ውድድሩ ወዳለበት ፓምፓንጋ ሄድኩ።

የእኛ ጣሊያናዊ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ይመራ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ቆሜ እጮህ ነበር። መኪናው ውስጥ በተተከለው ካሜራ ሁኔታው ሁሉ በትልቁ ስክሪን ይታያል። የመጨረሻውን ኩርባ ሲዞር አናቱ ላይ አንድ ብረት ላላና ማንኳኳት ጀመረ።

ቋ ቋ ቋ።

ላርዮ ፍሬን ያዘ። የቀኝ ጠርዙን ይዞ፣ ጥንቅቅ አድርጎ ቆመ። ከዚያም ፊቱን ሳያዞር መዳፉን ወደ ኋላ ዘረጋ።

እዚያ የተቀመጠው ሕዝብ ዕድሜ ልኩን በጂፕ የተሳፈረ ነው፤ ማንም እንዲያስረዳው አልፈለገም። አንዱ ከላይ «ወራጅ አለ!» ሲል ሁሉም ተቀበለው። ወራጅ አለ! ወራጅ አለ! ሌሎቹ መኪኖች እያፏጩ አለፉት። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ወንድሜ አልሳቀም። ባሮንጉን አስተካክሎ ወደ ታች ወረደ፤ ተከተልኩት።

አጥሩ ጋ ስንደርስ ጋዜጠኞች ላርዮን ከበውታል።

«ሚስተር ሞንትክሌር፣ ምን ነክቶዎት ነው የቆሙት?»

«ሞተሩ ነው። ጣሊያን እያለሁ እንዲህ ሲያጋጥመኝ አሰልጣኜ ሁልጊዜ…»

ፕሩደንስዮ ከኪሱ ሳንቲም አወጣ። የአጥሩን ብረት ቋ ቋ አደረገው።

«የት ጋ ነው የሚወርዱት እናቴ?» አለ ላርዮ፣ ዘወር ብሎ።

ካለ በኋላ ነው የነቃው። ማይክራፎኑ አገጩ ስር ነበር። አባቱን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?» አለች ጋዜጠኛዋ።

«አላውቃቸውም» ቢል ልወረውርበት አንድ ጫማዬን አውልቄ ይዤ ነበር። ላርዮ መኪናውን አየ፣ ማይክራፎኑን አየ፣ ጫማዬንም ያየ ይመስለኛል።

«አባቴ ነው» አለ በለሆሳስ።

«አልተሰማም፣ ምን አሉ?»

«አባቴ ነው! መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው!»

ፕሩደንስዮ ዓይኑን በተተኮሰው እጅጌው ጠረገ።

«መንዳቱንስ ከየትም አመጣኸው» አለው። «እኔ ያስተማርኩህ ማቆም ነው።»