ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ

«እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ታስይዢ ነበር ወይስ ታንኳኪ ነበር?»

ይህን የጠየቀኝ ታናሹ ልጄ ያርጋል ነው። ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ማለቂያ፣ በጳጉሜን ሦስት፣ ደባርቅ በሚገኘው ቤታችን ውስጥ ነው።

የሁለቱ ልጆቼ አባት ካረፈ በኋላ የቀረችን አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረች። ቱሪስት ተራራው ላይ ወዳለው ጨነቅ ሰፈር ሲወጣ ጓዙን ትጭናለች። የሰፈራችን የጫኞች ማኅበር ተራ የሚሰጠው ከአንድ ቤት ለአንድ ሰው ነው። የዓመቱ ተረኛ ስም የሚጻፈው በእንቁጣጣሽ ማግስት ነበር። ከልጆቼ ስሙ ያልተጻፈው ወደ ሑመራ ወርዶ ሰሊጥ ያጭዳል።

በቅሎዋን ገና ጭነት ሳታውቅ የገራት ትልቁ ልጄ ክንዴ ነው። ያርጋል ደግሞ ካቻምና ሑመራ ወርዶ በወባ ሞቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከአውቶቡስ በቃሬዛ ነው ያወረዱልኝ። ክንዴ እዚህ ይቅር ብል ያርጋልን መልሼ ለወባው መስጠቴ ነው። ያርጋል እዚህ ይቅር ብል ክንዴን የደከመበትን መንጠቄ ነው። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ሳልወስን ቆየሁ።

የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሩፋኤል ዕጣ ይጣል አሉ። ክንዴ እጅ ነሣና፣

«አባ፣ ይፍቱኝ፤ ዕጣ የእግዜር ነው። በዕጣ ከተሸነፍኩ በእግዜር እቀየማለሁ። በካርታ ብሸነፍ ግን የምቀየመው በዚህ ቀትረ ቀላል ብቻ ነው» ብሎ ወንድሙን በክርኑ ጎሸመው።

«እስኪ መጀመሪያ አሸንፈኝ» አለ ያርጋል። አባ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ።

ካርታው ፖከር የሚሉት ነው። ጨነቅ ድንኳን ውስጥ ዝናብ ሲይዛቸው ከፈረንጆቹ የለመዱት ነው። የቱሪስት ወጥ ሠሪ የሆነው ጎረቤታችን ሀብተ ሚካኤል ካርታ አዳይ ሆነ። ለእያንዳንዳቸው አርባ አርባ ባቄላ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ባቄላው ያለቀበት ሑመራ ይሄዳል ተባለ።

እኔ በዚያ ዓመት የጎልማሶች ትምህርት ጀምሬ ነበር። አስተማሪያችን ዓለምዬ፣ «ቃል ሲያስቸግራችሁ በጣታችሁ የዴስኩን እንጨት ምቱ፤ ለአንድ ፊደል አንድ ምት» ትለን ነበር። ከዚያ ወዲህ ልቤ በተጨነቀ ቁጥር ጣቴ ይቆጥራል። ልጆቼ ይህን አያውቁም። በልጅ ፊት ፊደል መቁጠር ያሳፍረኝ ነበር።

ጨዋታውን ያወቅሁት እያየሁ ነው። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ካርታ ይሰጣል፤ እሱን ይደብቃሉ። መሀል ላይ ለሁለቱም የሚሆን አምስት ካርታ ተራ በተራ ይገለጣል። በየመሀሉ ባቄላ ያስይዛሉ። ማስያዝ ያልፈለገ የጠረጴዛውን እንጨት በጣቱ ያንኳኳል፤ አልፌያለሁ ማለቱ ነው። አምስተኛው ተገልጦ ሁለቱም ካንኳኩ ድብቁ ይታያል፤ የበለጠው መሀል ያለውን ብቻ ይወስዳል።

ያርጋል ቶሎ ቶሎ ያስይዛል። ክንዴ ሳቀበት።

«አንተ፣ ወንድምህ ነኝና ልምከርህ። መጨረሻ ላይ ከማስያዝህ በፊት ራስህን ጠይቅ፦ ከእኔ ያነሰ ካርታ ይዞ፣ ያስያዝኩትን ያህል አስይዞ የሚከተለኝ አለ ወይ? የሚከተልህ የሚበልጥህ ብቻ ከሆነ አንኳኳና ዝም በል።»

«ተጋጣሚህን የምታስተምር አንተን ብቻ አየሁ» አለው ሀብተ ሚካኤል። «ወጥ ቤት ብትሆን ጨውህንም ለጎረቤት ትሰጥ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የመጨረሻው ዙር መጣ። እኔ ከክንዴ ጀርባ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። ሳላስበው የደበቀውን ካርታ አየሁት። የፈረንጅ ፊደል አላውቅም፤ ካርታው ላይ ያለው ለእኔ መቀነት የታጠቀ «ለ» ነበር። ሁለት ናቸው። አንድ ሌላ ደግሞ መሀል ተገልጧል። ሀብተ ሚካኤል ጠዋት ያንን አሳይቶኝ፣ «እትዬ የትናየት፣ ይህ አስ ነው፤ የካርታ ሁሉ አለቃ» ብሎኛል። ክንዴ ሦስት አለቃ ይዟል።

አምስተኛው ካርታ ሲገለጥ ክንዴ አንኳኳ። ያን የሚያህል ካርታ ይዞ ለምን እንዳለፈ ገባኝ። ወንድሙ እንዲያስይዝ እየጠበቀው ነው።

ያርጋል ካርታውን አየ፤ መሀሉን አየ፤ ፊቱ ፈካ። የቀረውን ባቄላ በሁለት እጁ ሰበሰበ። ሁሉንም ሊያፈሰው ነው። ከዚያ ግን የወንድሙ ምክር ትዝ አለው መሰለኝ፣ ቆመ። ዓይኑን ወደ እኔ አነሣና ያንን ጥያቄ ጠየቀኝ።

«እናት አዳይ አይደለችም፤ የራስህን ተጫወት!» አለ ሀብተ ሚካኤል።

አስይዝ ካልኩት ሑመራ ይወርዳል። አንኳኳ ካልኩት ክንዴን ከጀርባው መውጋቴ ነው። ዝናቡ ድንገት አባራ። በዚያ ጸጥታ ጣቴ አግዳሚውን ሲመታ ሰማሁት። የልጆቼን ስም እየቆጠርኩ ነበር፣ ከትልቁ ጀምሬ። ክ። ን። ዴ።

ያርጋል ሰማኝ። ባቄላውን ቀስ ብሎ መለሰና እንጨቱን አንኳኳ።

ካርታው ሲታይ ሀብተ ሚካኤል አፉን ያዘ። «ሦስት አስ! ቢያስይዝ ኖሮ አልቆለት ነበር!»

ክንዴ ወደ እኔ ዞረ። «እማዬ፣ ካርታዬን አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ካየሽውማ አለቀ።»

«ኧረ አላለቀም!» አለ ያርጋል። «አሥራ ሁለት ባቄላ ቀርቶኛል፤ ቁጭ በል!»

ክንዴ የራሱን ክምር ገፍቶ ከወንድሙ ባቄላ ጋር ቀላቀለው። «እኔ የተወራረድኩት ካንተ ጋር ነው። ከእናቴ ጋር አልጫወትም።»

«ክንዴ፣ በሩፋኤል» አልኩት። «ስምህን ነው የቆጠርኩት። ትምህርት ቤት እንዲህ ነው የምንቆጥረው።»

ፈገግ አለ። ቁጣ አልነበረውም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ስሜን ቆጥረሽ ለእሱ ሰጠሽው?» አለኝ።

ጣቴን ከአግዳሚው ላይ አነሣሁ።

አሁን ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም እችላለሁ። ለክንዴ በእጄ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ስለዚያ ቀን ነው። ስሙ ሦስት ፊደል እንደሆነ፣ የያርጋል አራት እንደሆነ፣ ሁለቱንም ልቆጥር እንደጀመርኩ፣ ያርጋል ግን ሦስተኛው ላይ እንደሰማኝ ጻፍኩለት። ከዚያ መልሼ አነበብኩትና አልላክሁትም። እውነቱ ሁሉ አልነበረበትም። ያርጋል ሦስቱን ምት ከሰማ በኋላ ወዲያው አላንኳኳም። ባቄላውን አንድ በአንድ ነው የመለሰው። አራት ፊደል ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። ጣቴ ግን ሦስት ላይ ቆሞ ነበር።

አዲሱን ደብዳቤ ይህንንም ጨምሬ ላክሁት። ደብዳቤው ሑመራ ሲደርስ ክንዴ ወደ ሱዳን ተሻግሯል ተባለና ደብዳቤው ተመልሶ መጣልኝ። ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ።

በዚያ ዓመት በእንቁጣጣሽ ማግስት ማኅበሩ መዝገብ ላይ የያርጋል ስም ተጻፈ። ክንዴ በዚያው ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ሑመራ ሄደ። ያርጋልና በቅሎዋ ቀሩ።